አሥራ ሰባቱን ቀን ማን ይጨርሰው?

ጎንደር ተምሮ ለሠራ የጤና ባለሙያ ካላዛር እንግዳ በሽታ አይደለም። ከሁመራና ከመተማ የሰሊጥ እርሻዎች ትኩሳት ይዟቸው፣ ጣፊያቸው አብጦና ሰውነታቸው አልቆ የሚመጡ የቀን ሠራተኞችን ገና በተማሪነታችን እናክም ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሊቦ ከምከም ላይ ሲታወቅ ደግሞ በሽታው ከቆላ ወጥቶ የገበሬውን ቤት እንዴት እንደሚያንኳኳ ታይቷል። ስለዚህ አንድ የእርዳታ ድርጅት ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ በጆንግሌይ ክልል ካላዛርን እንዳክምና የአካባቢውን ሠራተኞች እንዳሠለጥን በጤና መኮንንነት ሲቀጥረኝ፣ የሙያው ነገር ብዙ አላሳሰበኝም። በሽታው ያው በሽታ፣ መድኃኒቱም ያው መድኃኒት ነበር። የተለየው ነገር፣ ታማሚው መርፌውን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ጤና ጣቢያው በቦታው እንደሚቆይ ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አለመቻሉ ነው።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ የፈነዳው ጦርነት ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በተዛመተ ጊዜ፣ ሕዝቡ መንደሩን እየተወ ወደ ግራር ጫካ ገባ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቀን በዋልካው አፈር ስንጥቅ ውስጥ ተደብቃ ውላ ማታ ለመንከስ የምትወጣው እዚያው ግራሩ ሥር ነው። የሸሸ ሰው አጎበር አይዝም፤ ልጁንና ከቻለም ከብቱን ይዞ ይወጣል፣ መሬት ላይ ይተኛል፣ ይራባል። ረሃብ ደግሞ በሰውነት ውስጥ አድፍጦ የነበረውን ተውሳክ ይቀሰቅሰዋል። ተኩሱ ጋብ ካለ ከወራት በኋላ እናቶች ሆዳቸው የተነፋ፣ እግራቸው የቀጠነ ልጆቻቸውን ተሸክመው የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሕክምና ያላገኘ የካላዛር ታማሚ ከመቶ ከ95 በላይ ይሞታል። እዚያ አገር ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ፣ በቀደመው የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ በምዕራብ አፐር ናይል የተነሣው ወረርሽኝ 100 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል።

ሕክምናው ቀድሞ ሠላሳ ቀን ይፈጅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ ያጸደቀው መመሪያ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትንና ፓሮሞማይሲንን አንድ ላይ እየወጉ በ17 ቀን መጨረስን ፈቀደ። ከሠላሳ ቀን ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለቱም በጡንቻ ስለሚወጉ ግን አንድ ልጅ በየቀኑ ሁለት መርፌ ይቀበላል ማለት ነው፤ ሥጋው ባለቀ ጭን ላይ መርፌ የሚወጋበት ቦታ መፈለግ ምን እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። መሐል ላይ የተቋረጠ ሕክምና ደግሞ በሽታውን እንዲያገረሽ ያደርገዋል፤ ያገረሸውን ማከም ከመጀመሪያው የባሰ አድካሚ ነው።

የሥልጠናው ሰነድ የተዘጋጀው ሩቅ በሚገኝ ቢሮ ነበር። ሠልጣኙ ስምንተኛ ክፍልን ያጠናቀቀ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብና የሚጽፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከተውሳኩ የሕይወት ዑደት ነው። መስፈርቱን የሚያሟሉ ወጣቶች አላጣንም፤ ጎበዞች ነበሩ። በአስተርጓሚነትም በነርስነትም አብሮኝ የሚሠራው የጋምቤላው ኑዌር ግን በምልመላው ሰሞን ሲያልጎመጉም ሰነበተና አንድ ማታ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ልጆቹ ጥሩ ናቸው። ግን ተኩስ ሲሰማ ወጣት ወይ ጠመንጃ ያነሣል፣ ወይ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛ ይመጣል። ከብት ጠባቂዎቹን ትተን የምናሠለጥነው ለማን ነው? ሕዝቡ የሚሸሸው ከብቱን ተከትሎ ነው፤ ወተቱ ያለው እዚያ ነዋ።»

እሱ በልቡ የያዘው ሰው ነበረው። እኒህ ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ኦፕሬሽን ላይፍላይን ሱዳን በሚባለው የእርዳታ ዘመቻ ጊዜ፣ የደስታ በሽታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ ለማጥፋት ከሠለጠኑት የኅብረተሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። በሙቀት የማይበላሽ ክትባት ይዘው ከአንዱ የከብት ሰፈር ወደ ሌላው በእግራቸው እየተጓዙ በሬና ላም ሲወጉ ኖረዋል። የደስታ በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጠፋ ተብሎ ሲታወጅ፣ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ስም የጠራ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ቁጥር ግን ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ በቃላቸውም ያሰላሉ። በስምንተኛ ክፍል መስፈርት ቢሆን ከበር ይመለሱ ነበር። የቡድኑ መሪ የነበረችው ኬንያዊት ሐኪም በታዛቢነት ይቀመጡ ብላ አስገባቻቸው።

ሰውየው ምን ያህል እንደገባቸው የታየው መጠን በማስላት ላይ ነው። እጃችን ላይ የነበረው ስቲቦግሉኮኔት በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የያዘ ሲሆን፣ የሚሰጠው ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው። ወጣቶቹ በደብተራቸው ላይ ማባዛትና ማካፈል ሲጀምሩ፣ እሳቸው በሚንጠለጠለው ሚዛን ላይ ያለውን ልጅ ዐይተው፣ «አሥራ ሁለት ኪሎ፤ ሲደመር ሃያ አራት፤ ስሪንጁ ላይ ሁለት ከአራት» አሉ። ኪሎውን ከራሱ ጋር ደምሮ በመጨረሻው አኃዝ ፊት ነጥብ ማድረግ ማለት ነው፤ ትክክል ነው፣ ለሁሉም ኪሎ ይሠራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁላችንም በዚሁ መንገድ አስተማርን። የሕይወት ዑደቱን ሥዕል ጠቅልለን አስቀመጥነው፤ ያን ጊዜ ለቀረን ጥቂት ጊዜ፣ ጣፊያን ከታች ወደ ላይ እየዳሰሱ ከጎድን አጥንት ጠርዝ በሴንቲ ሜትር መለካትን፣ ያመለጠን ቀን በማግስቱ እጥፍ ወግቶ ማካካስ እንደማይፈቀድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መቼ ማቆም እንደሚገባ ደጋግመን ማሠልጠን ይሻል ነበር። ስቲቦግሉኮኔት መርዛማነት ያለው መድኃኒት ነው፤ ልብን ሊያውክ፣ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል። የማያቋርጥ ትውከትና ወደ ጀርባ የሚወጋ የሆድ ሕመም ከመጣ መርፌው ይቆማል።

ውጊያው በቀረበ ጊዜ፣ ሠራተኞችን የሚያስወጣው ሴስና የአፈር ማኮብኮቢያው ላይ እንደሚያርፍ በሳተላይት ስልክ ተነገረን። አውሮፕላኑ የሚጭነው ከውጭ የመጣነውን ብቻ ነው። በሕክምና መሐል የነበሩት ታማሚዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ከእናቶቻቸው ጋር ቱኩል በሚባሉት ጎጆዎች ውስጥ ነበሩ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ለሽማግሌው ልትሰጥ መወሰኗን ስትናገር፣ በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ኃላፊ አጥብቆ ተቃወመ፤ ምስክር ወረቀት በሌለው ሰው እጅ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከጤና ተቋም አይወጣም ነው የሚለው። ተቃውሞው ከንቱ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ሰላም በሆነ አገር እኔም ያንኑ እል ነበር። እሷ የመለሰችለት በአጭሩ ነው፦ «ተቋሙ ራሱ ነገ የለም።» በዚያው በ2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሌር ከተማ የሆነውን ሁላችንም ሰምተን ነበር፤ የድንበር የለሽ ሐኪሞች የአገር ተወላጅ ሠራተኞች የጠናባቸውን ታማሚዎች ይዘው ጫካ ገቡ፣ ሆስፒታሉም ከኋላቸው ተዘርፎ ወደመ።

ስለዚህ ብልቃጦቹን፣ ስሪንጆቹን፣ ሚዛኑን፣ ያገለገለ መርፌ ማስወገጃ ካርቶኖቹንና የታማሚዎቹን ካርዶች በሁለት ከረጢት አሰርን። ከታማሚዎቹ ጋር ከብቱን ተከትለው ለሚሸሹት ሽማግሌ የተሰጣቸው ትእዛዝ አንድ ነበር፤ የተጀመረውን ይጨርሱ፣ አዲስ ሰው አይጀምሩ። ከታማሚዎቹ መካከል ለነበሩት ሁለት እርጉዞች ግን ልንሰጣቸው የምንችለው ነገር አልነበረንም። እነሱ የሚታከሙት አምቢዞም በተባለ ሌላ መድኃኒት ነው፤ እሱ ደግሞ ከ25 ዲግሪ በታች ካልተቀመጠ ይበላሻል፣ የሚሰጠውም በደም ሥር በጠብታ ነው። ከብት ተከትሎ በሚሄድ ከረጢት የሚያዝ መድኃኒት አይደለም። አንደኛዋ በኋላ ድንበር ተሻግራ ጋምቤላ በሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ሕክምናዋን እንደቀጠለች ሰማን። ስለ ሁለተኛዋ እስካሁን የሰማሁት የለም።

ዝናቡ መሬቱን ሳያጨቀየው ተመለስን። መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ ማቀዝቀዣው፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቹ፣ ፍራሾቹ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ጭምር ተወስዷል። ሽማግሌው የመመለሳችንን ወሬ ሰምተው ከነከረጢቶቻቸው መጡ። «ማሌ» ብለው ሁላችንንም በየተራ ጨበጡ፤ ተቀመጡ፤ ውኃ ጠጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ከረጢቱን የፈቱት። በመጀመሪያ የወጡት ባዶዎቹ ብልቃጦች ነበሩ፤ በክትባት ዘመናቸው ባዶውን ሳያስረክቡ ሌላ አይሰጣቸውም ነበርና ሁሉንም ቆጥረው አስረከቡ። ቀጥሎ ያገለገሉት መርፌዎች በካርቶናቸው እንደታሸጉ መጡ፤ ልጆች እንዳይጫወቱበት ብለው ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመውታል። ካርዶቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ነበር። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ አሥራ ሰባት መስመር ተሠምሯል፤ የተወጋበት ቀን ተሰርዟል፣ በጉዞ ወይም በተኩስ ያመለጠው ቀን በክብ ተከቧል።

አንዱ ካርድ ላይ መስመሮቹ ከአሥራ አንደኛው በኋላ ሳይሰረዙ ቀርተዋል። የአንዲት እናት ካርድ ነው። ነርሱ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ሴትየዋ ሌሊቱን ሙሉ ስታስመልስ ማደሯን፣ ሆዷንም ይዛ ተጎንብሳ መነሣት አቅቷት እንደነበር ነገሩት። መርፌውን አቁመው ለጥቂት ቀን ምግብ ከልክለው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እንድትወስድ አድርገዋታል። ባሏ መድኃኒቱን ለሌላ ሰው ሊሸጡት ነው ብሎ ሽማግሌውን በጦር አስፈራርቷቸዋል፤ አልወጋም አሉ። ሴትየዋ ከስታ፣ በራሷ እግር እየሄደች፣ ሕክምናዋን በሌላ መድኃኒት ለመጨረስ ከእሳቸው ጋር መጥታ ነበር።

ልጆቹን አንድ በአንድ መረመርናቸው። ፈጣኑ የደም ምርመራ ሰው ከዳነም በኋላ ለረጅም ጊዜ በሽታ እንዳለ ስለሚያሳይ ለዚህ አይጠቅምም፤ መዳንን የሚያሳየው ትኩሳቱ መጥፋቱ፣ ኪሎው መጨመሩና ጣፊያው መመለሱ ነው። ካርዱ ላይ በተጻፈው ሴንቲ ሜትርና በጣቶቼ ሥር ባገኘሁት መካከል ያለው ልዩነት ነበር ማስረጃችን። ሁሉም አልዳኑም። አንድ ልጅ በተቅማጥ በመንገድ ላይ ሞቷል፤ ሁለት ቤተሰቦች በሌላ አቅጣጫ ሸሽተው ከሽማግሌው ተለያይተዋል። ከእሳቸው ጋር የቆዩት ግን አብዛኞቹ ጨርሰዋል።

የሚቀጥለው ዙር ሥልጠና ሲከፈት ምልመላው ከከብት ሰፈሮቹ ጀመረ። ሐኪሟ የትምህርት ደረጃውን መስፈርት አላነሣችውም፤ ሁለት ዓይነት ሠልጣኝ አደረገችው። የሚያነቡት ምርመራውንና መዝገቡን ይይዛሉ፤ የከብት ሰፈሩ ሰዎች ደግሞ መመዘንን፣ መውጋትንና ማቆምን ይማራሉ። ይህን ያደረገችው ለወረቀት ስትል ነው የሚሉ ነበሩ። እኔ ትክክል ይመስለኛል፤ አንድም ሽማግሌ ብቻውን ወባን ከካላዛር ይለያል ብዬ አላምንም፤ ትኩሳት ሁሉ እዚያ አገር ይመሳሰላል። የተጀመረን ማስጨረስና አዲስ ማስጀመር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የሥልጠና ሰነዶቻችን ሁለቱን ለአንድ ሰው ይጭናሉ፤ ያንን ሰው ደግሞ ጦርነቱ ቀድሞ ይወስደዋል።

የቀረን የደመወዝ ጉዳይ ነበር። ሽማግሌው ያለ ክፍያ ይሠሩ አይባልም፤ የድርጅቱ የደመወዝ ሠንጠረዥ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ያላጠናቀቀ ሰው መድኃኒት የሚሰጥበት መደብ የለውም። ጉዳዩ ወደ ጁባ ተላከ፣ ከጁባ ወደ ሌላ አገር ተላለፈ፣ ሳይወሰን ከረመ። በመጨረሻ የአስተዳደር ሠራተኛው ባለው ክፍት መደብ መዘገባቸውና፣ በየወሩ መጨረሻ «የሌሊት ጥበቃ» በሚለው ረድፍ ላይ በአውራ ጣታቸው እየፈረሙ ይቀበሉ ጀመር።