ጳጉሜን የሌለው ካላንደር

ነሐሴ ማተሚያ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ሰው ያውቀዋል። ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሠፈር ግሮሰሪው ሳይቀር ካላንደሩን ከመስከረም 1 በፊት እጁ ላይ ማየት ይፈልጋል። በዓሉ ካለፈ በኋላ የደረሰ ካላንደር ማን ይቀበላል? ስለዚህ ማሽኑም አያርፍ፣ ሰውም አያርፍ። እኔ የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው። ደመወዙን የማዘጋጀው፣ የትርፍ ሰዓቱን የማሰላው እኔ ስለሆንኩ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ ቁጥሩ ሁሌም ፊቴ ነው።

የማወራላችሁ ልጅ የተቀጠረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ከድሬዳዋ ስለመጣ ሁላችንም «ድሬ» ነበር የምንለው። እዚያም ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠርቷል፤ መቁረጫ ማሽን ይችላል። ቀልጣፋ ነው። ተጨማሪ ሥራ አለ ሲባል መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው እሱ ነው። «እሺ አቦ፣ እኔ አለሁ» ይላል። እሑድ ግባ ቢሉት ይገባል። አምሽ ቢሉት ያመሻል። አለቆቹ «ብርቱ ልጅ አገኘን» ይሉ ነበር፤ እውነትም ብርቱ ነበር።

ነገሩ የሆነው ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

መቁረጫ ማሽን የማያውቅ ሰው እንዲገባው ያህል፦ ወረቀቱን ትቆልላለህ፣ ከኋላ ያለውን መለኪያ በሚፈለገው ልክ ታስተካክላለህ፣ ቁልሉን መለኪያው ድረስ ትገፋለህ፣ ከዚያ በሁለት እጅህ ሁለት ቁልፍ እኩል ትጫናለህ። ሁለት እጅ የሚፈልገው ሆን ተብሎ ነው። እጅህ ቁልፉ ላይ ካለ ምላጩ ሥር የለም። ማሽኑ እንዲህ አድርጎ እጅህን ይጠብቅልሃል። ልኬቱን ግን አይጠብቅልህም፤ እሱ የቆራጩ ሥራ ነው።

ድሬ ከካላንደሩ በፊት በራሪ ወረቀት ሲቆርጥ ነበር። መለኪያውን ሳይቀይር የካላንደሩን ቁልል አስገባ። ቆረጠ። ሁለተኛ አስገባ፣ ቆረጠ። ሦስተኛ። ሦስት ሪም፣ እያንዳንዱ 500 ሉክ። ባለ አንድ ገጽ የግድግዳ ካላንደር ነው፤ አሥራ ሦስቱም ወር አንድ ላይ ተደርድሮ፣ ጳጉሜን ለብቻዋ ከታች ጠርዝ ላይ ናት።

አንድ አንጋፋ ጠራዥ አሉን፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። በዚያ በኩል ሲያልፉ መሬት ከወደቀው ቁራጭ አንዱን አነሡ። ነጭ ጠርዝ መሆን ነበረበት። ጳጉሜን ተጽፎበታል። ቀኖቹ ከነቁጥራቸው እዚያች ጣት በምታህል ቁራጭ ላይ አሉ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ቁራጯን ለልጁ አሳዩት።

ልጁ አየና ላብ አጠመቀው። አልተከራከረም፣ በማንም ላይ አላሳበበም። እዚያው የወረቀት ጥቅል ላይ ቁጭ አለና «ዓይኔ እያየ ነበር፤ ልቤ ግን እዚያ የለም» አለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተፈጠረውን መገመት አያቅትም። ደንበኛው በነጋታው ይጠብቃል። ወረቀቱ በስንት መከራ የተገኘ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ክፍል መጥተው «ይሰናበት፣ የወረቀቱም ዋጋ ከደመወዙ ይቆረጥ» አሉ። የተናደደ ሰው የሚለውን ነው ያሉት፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ሥራዬ ነውና ሕጉን ነገርኳቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ልጁ ገና አልጨረሰም፤ ለሥራው ብቁ አይደለም ከተባለ ማሰናበት ይቻላል። ከደመወዝ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ከወር ደመወዙ ከሦስት አንድ እጅ በላይ አይቆረጥም።

ይህን እያወራን ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እንዲህ አሉ፦ «ከማሰናበታችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ይኼ ልጅ ምሳ የት እንደሚበላ የሚያውቅ አለ?»

ማንም አያውቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ይኼ ስለሆነ። የጥረዛ ክፍል ሴቶች ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው አንድ ትሪ ላይ ነው የሚበሉት። ማንም ይቀመጣል። ድሬ ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጃኬቱን ደርቦ ይወጣል። «ና ብላ» ሲሉት «በልቻለሁ» ወይም «ውጭ ቀጠሮ አለኝ» ይላል። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፤ ብዙዎቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማንበላ እሱም የሚጾም መስሎን ነበር። ለካ አንድ ዳቦ በሻይ ቀምሶ፣ ጀርባው ባለው መንገድ ዞር ዞር ብሎ ነው የሚመለሰው። ያውም በዝናብ። ባዶ እጁን ትሪ ላይ መቅረብ አፍሮ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው «በልቻለሁ» ሲል ሁለቴ ጠይቁት። እኔም ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ ነኝ፤ ያቺን ቃል በደንብ አውቃታለሁ።

ጋሼ ይዘውት ወጡ። ሽሮ አዘዙለት። ቀስ እያለ ሁሉም ነገር ወጣ።

የሚኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከሌሎች ልጆች ጋር በደባልነት። ርካሽ ስለሆነ ነው የመረጠው። ከሌሊቱ አሥር ተኩል ይነሣል። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ ስታዲየም ባቡሩ ከተገኘ በባቡር ካልተገኘ በሃይገር፣ ከስታዲየም አራት ኪሎ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ማታ አምሽቶ ሲወጣ ሰልፉ ከጠዋቱ ይብሳል። ቤት የሚገባው አራት ሰዓት አልፎ ነው። አብረውት የሚኖሩት ልጆች ቴሌቪዥን ከፍተው ያመሻሉ፤ ሳሎን ነው የሚተኛው፤ እነሱ ካልተኙ እሱም አይተኛም። ከደመወዙ ግማሽ የሚሆነውን በቴሌብር ለእናቱ ይልካል። ለእናቱ የሚነግራቸው ግን «ሁሉ ሰላም ነው፣ ቢሮው አጠገብ ነው የምኖረው» ብሎ ነው።

የትርፍ ሰዓቱን ለምን እንደሚያሳድድ ያኔ ገባን። ታክሲው የሚበላውን በትርፍ ሰዓት ይመልሳል፤ ትርፍ ሰዓቱ ደግሞ እንቅልፉን ይበላል። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የሱ ትርፍ ሰዓት ግን የካላንደሩ ሥራ ከገባ ወዲህ ይበልጥ ነበር፤ እኔም ወረቀቱን ይዤ ሁለት ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ አሳይቻለሁ፤ «ልጁ ራሱ ነው የጠየቀው» ነበር መልሱ። ሕጉ ገደብ ያበጀው እኮ ለዚሁ ነው። ገንዘብ የቸገረው ሰው ራሱን አይገድብም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ድሬዳዋ ያልኖረ ሰው አያስበውም። ድሬዳዋ ቀን ላይ ሙቀቱ አያሠራም። ሰው ማልዶ ይሠራል፣ እኩለ ቀን ላይ ሱቁም ይዘጋል፣ ቤቱ ገብቶ ያርፋል፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ተመልሶ ይወጣል፣ ማታ ከተማው ይደምቃል። ልጁ ያደገው እንዲህ ነው። ሰውነቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ይተኛል። እዚህ መጥቶ ከድሬዳዋ ከሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ላይ፣ በክረምት፣ በስስ ጃኬት፣ በባዶ ሆድ፣ በስምንት ሰዓት መቁረጫ ማሽን ላይ አቆምነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ልጁ አልሰነፈም፤ ሰዓቱ ነው የተዛባበት» አሉ። እኔም የምስማማው በዚህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ በነጋታው ሲረጋጉ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አይገባም፤ ብዙ አለቃ ክብሩ ይነካ መስሎት የተናገረውን አይመልስም። የተበላሸው ሦስት ሪም እንደገና ታተመ፤ ማሽን ክፍሉ አምሽቶ አደረሰው። ልጁ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ እሱም ፈረመ፤ ይገባዋልና። ከደመወዙ አልተቆረጠም። ከዚያ ደግሞ እውነተኛው ሥራ ተጀመረ።

መጀመሪያ ያስተካከልነው መኖሪያውን ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚኖር የሕትመት ክፍል ልጅ ደባል ይፈልግ ነበር። አንድ ክፍል ናት፣ ጠባብ፣ ኪራይዋም ለእያንዳንዳቸው ከቱሉ ዲምቱው ይበልጣል። ድሬ መጀመሪያ እምቢ አለ። ወረቀት አውጥተን አብረን አሰላነው፤ የኪራዩን ጭማሪ በአንድ በኩል፣ የየቀኑን ትራንስፖርት በሌላ በኩል። ትራንስፖርቱ በለጠ። ያውም መንገድ ላይ የሚቀልጠውን ሰዓት ሳንቆጥር። አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠይቀው ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ እንደማይቻል ይደነግጋል። በትሕትና አስረዳናቸው፤ ሴትዮዋም ደግ ሰው ናቸው፣ ተስማሙ። አሁን በእግሩ ነው የሚመጣው።

ለሥራው ደግሞ ጋሼ መላ መቱ። ቆረጣው ጠዋት ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ለጊዜው ጥረዛ ላይ ቆሞ ይርዳ። ጥረዛ ላይ አይሳሳትም ማለት አይደለም፤ አጠገቡ ሰው አለ፣ ወሬ አለ፣ እንቅልፍ አይጥለውም። ትርፍ ሰዓቱም በአዋጁ ልክ ሆነ፤ ለሁሉም ሠራተኛ። አንዳንዱ አኮረፈ። ገቢው ቀንሷልና አይፈረድበትም።

ምሳው ግን ሴቶቹ የፈቱት ጉዳይ ነው። አንዷ «ከነገ ጀምሮ ዳቦውን የምትገዛው አንተ ነህ» አለችው። በቃ። ዳቦ ይዞ ይመጣል፣ ትሪው ላይ ይቀመጣል። የሚያዋጣው ስላለ ማፈሩ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ኃላፊ ቢሮ ተቀምጦ አያስበውም።

ስለ እናቱ ብዙ አከራከረን። እኔ የምለው፣ ለቤተሰብ መላክ ግዴታም ክብርም ነው፤ ግን ተቆርጦ የታወቀ ገንዘብ ይሁን። ወሩን ጨርሰህ የተረፈህን ሁሉ መላክ፣ ወይም ገና ደመወዝ እንደገባ ግማሹን መላክ፣ ሁለቱም አያዛልቅም። ከምንም በላይ እውነቱን ንገሯቸው። የድሬ እናት ጉዳዩን ሲሰሙ ስልክ ላይ አለቀሱ፣ ከዚያ «ሦስት ወር አትላክ» ብለው ተቆጡት። እሱ ግን ቀንሶ ይልካል። ይኼ የራሱ ውሳኔ ነው።

አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ብዙ ምክር ይሰማል። ስልክህን ጠብቅ፣ ደላላ አትመን፣ ማታ ብቻህን አትሂድ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ባለፉት ዓመታት በደመወዝ መዝገቤ ላይ ያየኋቸው ጥለው የሄዱ ልጆች አብዛኛዎቹ ተዘርፈው አይደለም የሄዱት። ደክሟቸው ነው። ከተማው ትልቅ ስለሆነ ሁሉንም ለመያዝ ይሮጣሉ፤ ሥራ፣ የማታ ትምህርት፣ ትርፍ ሰዓት፣ ለቤት መላክ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሳይሄዱ፣ ዕቁብ ሳይገቡ፣ ጎረቤት ስማቸውን ሳያውቅ ዓመት ይሞላቸዋል። ሠፈር የሌለው ሰው ሲታመም እንኳ የሚያውቅለት የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ጠባብ ቤትም ቢሆን ሥራችሁ አጠገብ ኑሩ፣ የማታ ትምህርቱን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት፣ እሑድ ከሰዓት ከቤት ውጡና ከሰው ጋር ቡና ጠጡ። ደሃ ያደርጋል የሚል ካለ ድሬን ይጠይቅ፤ አሁን በወር መጨረሻ የሚተርፈው ያኔ እየሮጠ ከሚተርፈው ይበልጣል። ወረቀቱ እኔ ጋ ስለሆነ ነው በድፍረት የምናገረው።

ዘንድሮ ጥረዛ ክፍል አንዲት ልጅ ከጅማ መጥታ ተቀጠረች። ፎርሟን ልትሞላ እኔ ቢሮ ስትገባ ድሬ ዳቦ ገዝቶ እየተመለሰ ነበር። የት እንደምትኖር፣ በስንት ታክሲ እንደምትመጣ፣ ምሳ ይዛ እንደሆነ ጠየቃት። ጀሞ ነው አለችው፣ ሁለት ታክሲ፣ ምሳ ደግሞ በልቻለሁ። ድሬ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልሞላም፤ ምሳ መቼ በላሽ?» አላት። ሥራ አስኪያጁን አነጋገርን፤ የጠዋቱ ሰልፍ እስኪቀልላት ግማሽ ሰዓት ዘግይታ እንድትገባና ማታ ግማሽ ሰዓት እንድታካክስ ተስማሙ። ፈረንሳይ አካባቢ ደባል የምትፈልግ ሴት ልጅ ካለች እየጠየቅን ነው።