ጳጉሜን 6ን የዋጠችው ፓኬጅ፦ ሁለት ሥሪቶችን ሳነጻጽር ያየሁት

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት፣ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሠራንለት አንድ የድሬዳዋ ጅምላ አከፋፋይ ሒሳብ ሠራተኛ ደወሉልኝ። «አቦ፣ እኛ ገና ጳጉሜን ላይ ነን፤ የእናንተ ኮምፒውተር ግን እንቁጣጣሽን አክብሮ ጨርሷል» አሉኝ። ወደ መጋላ ሰፈር ወርጄ የዕቃ ወጪ ደረሰኙን ስመለከት እውነትም «መስከረም 1 ቀን 2016» ይላል። የጳጉሜን ሒሳብ ከነሐሴ ጋር ተጠቃሎ የሚዘጋ በመሆኑ፣ በዚያ ዕለት ከመጋዘን የወጣው ዕቃ ሁሉ ወደሚቀጥለው ወር ተሻግሮ ነበር።

አዲሱን ሥሪት የጫንነው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። በእኛ ኮድ ውስጥ ቀንን የሚመለከት አንድም መስመር አልተነካም፤ ስለዚህ ለውጡ የመጣው እኛ ከምንጠቀምባቸው የሌሎች ሰዎች ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው የሚገኙ የኮድ ጥቅሎች ወይም ፓኬጆች) መሆን አለበት ብዬ የሁለቱን ሥሪቶች ዲፔንደንሲ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሚደገፍባቸውን ፓኬጆች፣ ማነጻጸር ጀመርኩ። በመጀመሪያ የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ጊት ባለው የማነጻጸሪያ ትእዛዝ፣ በጊት ዲፍ፣ የሁለቱን ታጎች (የሥሪት ምልክቶች) ፓኬጅ ጄሰን፣ ማለትም የምንፈልጋቸው ፓኬጆች የተዘረዘሩበትን ፋይል፣ አስተያየሁ፤ ምንም ልዩነት አልነበረም። ይህ ብዙ ሰው የሚታለልበት ቦታ ነው። ያ ፋይል የሚናገረው የምንፈልገውን እንጂ የተጫነውን አይደለም፤ ከቁጥሩ ፊት ካሬት የሚባለው ምልክት (^) ካለ፣ የመጀመሪያው ዜሮ ያልሆነ ቁጥር እስካልተለወጠ ድረስ ከዚያ በኋላ የወጣ ማንኛውም ሥሪት ሊገባ ይችላል። በትክክል የተጫነው ተመዝግቦ የሚገኘው በሎክ ፋይሉ ነው።

ሎክ ፋይሉን ሳነጻጽር ደግሞ በሺህ የሚቆጠር መስመር ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ወረደብኝ። አንደኛው ምክንያት ንጹሕ ነበር፤ የኖድ 14 (ኮዳችንን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ድጋፍ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ስላበቃ ወደ ኖድ 18 ተሻግረን ነበር፣ ከኖድ ጋር የሚመጣው ፓኬጅ ጫኝ ኤንፒኤም 6 ፋይሉን በአንደኛው ቅርጽ ሲጽፍ ኤንፒኤም 9 ደግሞ በሦስተኛው ቅርጽ ስለሚጽፍ፣ ሥሪቱ ያልተለወጠ ፓኬጅ እንኳ የተለወጠ መስሎ ይታያል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የእኔው ጥፋት ነው። ከባልደረባዬ ሥራ ጋር ስቀላቅል ሎክ ፋይሉ ላይ ግጭት ሲፈጠርብኝ፣ አንድ በአንድ ከመፍታት ይልቅ ፋይሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ አስጽፌው ነበር። በዚያች ቅጽበት ካሬት ያለባቸው ሁሉ የቅርብ ጊዜ ሥሪታቸውን ይዘው ገቡ።

ዓይን የማይችለውን እንዲሠራልኝ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። በጊት ሾው የሁለቱን ታጎች ሎክ ፋይል ያወጣል፤ ቀጥሎም የገቡትን፣ የወጡትን፣ ከፍ ያሉትንና ዝቅ ያሉትን ፓኬጆች ለይቶ ያትማል። ሥራው ሁሉ በራሴ ላፕቶፕ ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ሲጠፋም አላቆመኝም። ሁለት ጊዜ ግን ተሳስቻለሁ። ፓኬጆቹን በስማቸው ብቻ ስመዘግብ፣ አንድ ስም በሁለት የተለያዩ ሥሪቶች በሁለት ቦታ ተጭኖ ሲገኝ የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋው ነበር፤ ስለዚህ መለያውን ከስም ወደ ሙሉ የፎልደር አድራሻ ቀየርኩት። የሥሪት ቁጥሮችን ደግሞ እንደ ፊደል አወዳድሬ ስለነበር 1.10.0 ከ1.9.0 ያነሰ ሆኖ «ዝቅ ያለ» ከሚለው ክፍል ተገኘ። ቁጥር ለቁጥር ከፋፍዬ ማወዳደር ነበረብኝ።

ሲስተካከል ዝርዝሩ ከአንድ ገጽ አልበለጠም። ከፍ ካሉት መካከል ስሟን ሰምቼ የማላውቃት አንዲት ትንሽ የቀን መለወጫ ፓኬጅ ነበረች፤ ከ1.4 ወደ 1.5 አልፋለች። ማን እንዳመጣት በኤንፒኤም ኤክስፕሌይን ስጠይቅ፣ ቅጽ ላይ ቀን ለመምረጥ የምንጠቀምበት ላይብረሪ ናት ያስገባት። ኮዷን ከፍቼ ሳነብ አዲሱ ሥሪት ስድስተኛዋን ጳጉሜን የሚሰጠው ለአራት እኩል ለሚካፈል ዓመት ሆኖ አገኘሁት። በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ማለትም ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት በሚተርፍበት ጊዜ ነው። ጸሐፊው የፈረንጁን ደንብ እንዳለ አምጥቶ የተከለው ይመስለኛል።

ፓኬጇን በ1.4 ላይ አሰርኩና የዕለቱን ደረሰኞች ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር አንድ በአንድ አረምን። በሰርቨሩ ላይም መጫኛውን ወደ ኤንፒኤም ሲአይ ቀየርነው፤ ይህኛው በሎክ ፋይሉ ያለውን ብቻ ይጭናል፣ ከፓኬጅ ጄሰን ጋር ካልተስማማም እምቢ ብሎ ይቆማል። የኮድ ማከማቻ ድረ ገጹ ጊትሃብ በፑል ሪኩዌስት (ለውጥ ከመቀላቀሉ በፊት በሚቀርብ ጥያቄ) ላይ የተለወጡ ዲፔንደንሲዎችን የሚያሳይ የራሱ አገልግሎት አለው፤ ለግል ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ግን ተጨማሪ ፈቃድ ስለሚጠይቅ በስክሪፕቴ ቀጠልኩ።

አሁን ከእያንዳንዱ ሥሪት በፊት ውጤቱን ሳነብ የምጀምረው «የገቡ» ከሚለው ክፍል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ኢቨንት ስትሪም በተባለው ታዋቂ ፓኬጅ በኩል የገባው የቢትኮይን ስርቆት ኮድ የመጣው በአዲስ ዲፔንደንሲ ተሸፍኖ ነበርና። ቀጥሎ የማየው ሥሪቱ ሳይለወጥ የማረጋገጫ ሐሹ (የፋይሉ አሻራ የሆነው ኮድ) ወይም የሚወርድበት አድራሻ የተለወጠ ካለ ነው፤ ይህ እምብዛም አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን ሥራውን ሁሉ አስቆማለሁ። ማነጻጸሩ የማያየው ነገር እንዳለም አውቃለሁ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ኤክስዜድ ዩቲልስ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ላይ የተገኘው የኋላ በር (ስውር መግቢያ) ዋና መክፈቻ የነበረው ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ እንጂ በጊት ሪፖዚተሪው ውስጥ አልነበረም።

ለቀን መለወጫው አራት ፈተናዎች ጽፌለታለሁ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2007፣ 2011፣ 2015 እና 2019። ሒሳብ ሠራተኛው የመጨረሻዋን በራሳቸው የቀን መቁጠሪያ ላይ አክብበዋታል፤ ያን ዕለት ጠዋት ቀድመው የሚደውሉት እሳቸው እንደሚሆኑ ነግረውኛል።