ፒካፕ ላይ የሚጫን መኝታ፦ ከኮምቦልቻ፣ እስካሁን የደረስንበት

ፒካፓችን የሥራ መኪና ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ ስታመላልስ ትውላለች። መኝታው ለብቻው ተሠርቶ የሚጫንና የሚወርድ ይሁን ያልነውም ለዚህ ነው። ሚኒባስ ገዝቶ ውስጡን መቀየር የሚቻል ነገር ነው፤ ግን ቆማ ቦሎና ኢንሹራንስ የምትበላ ሁለተኛ መኪና የመያዝ አቅም የለንም። የመኝታው ሳጥን ግቢ ውስጥ በአራት እግሩ ቆሞ ይጠብቃል። ቅዳሜ ማታ መኪናዋ በኋላ ማርሽ ሥሩ ትገባለች፣ ይታሰራል፣ እሑድ ጠዋት ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወልዲያ ነው።

ሐሳቡ የአሜሪካኖች ነው። እዚያ በፋብሪካ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ሻወር፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት ያለው ሁሉ አለ። ቪዲዮውን አይታችሁ ከመጎምጀታችሁ በፊት ግን ሜትር ያዙና መኪናችሁ ኋላ ውጡ። የእነሱ ትልልቅ ፒካፖች የጭነት ክፍል ወደ 2 ሜትር፣ ሲረዝም 2.4 ሜትር ነው። የኛው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ 1.5 ሜትር ገደማ ነው፣ በሁለቱ የጎማ ቤቶች መካከል ያለው ስፋትም 1.1 ሜትር አካባቢ። ሙሉ ዕቃ ያለው፣ ግድግዳው ሸራ ሳይሆን ደረቅ የሆነ ካምፐር (እንዲህ ያለው ተጫኝ መኝታ) ባዶውን ከአንድ ቶን የሚያልፍ ሞልቷል። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ክብደትም ብዙ ጊዜ ውሃ፣ ጋዝና የተጓዡ ጓዝ ያልገባበት ነው።

ጣሪያው ወደ ላይ የሚነሳ፣ ወገቡ ሸራ የሆነም ዓይነት አለ። ቀላል ነው፣ ሲነዳም ዝቅ ይላል። እኔ ልቤ ወደሱ አድልቶ ነበር፤ ወንድሜ «ደላንታ ብርድ ላይ በሸራ ልታሳድረኝ ነው?» ሲል ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። የመረጥነው ደረቅ ግድግዳ ነው፣ ግን አጭር። የውስጡ ቁመት 1.55 ሜትር ብቻ ነው። ወንድሜ ረጅም ስለሆነ ሱሪውን ተጋድሞ ነው የሚለብሰው። ምግብ ውጭ ይበስላል። መኝታው ከፊሉ በጋቢናው ጣሪያ ላይ ስለሚዘረጋ እግራችንን ዘርግተን እንተኛለን፤ 1.5 ሜትር ውስጥ ይህ ካልሆነ ተጣጥፎ ማደር ነው።

ዋናው ነገር ክብደቱ ነው፤ ከክብደቱም በላይ ክብደቱ የት እንደተቀመጠ። ሊብሬያችን ላይ የመኪናዋ የመጫን አቅም 10 ኩንታል ገደማ ነው። «10 ኩንታል ሲሚንቶ የምትጭን መኪና 5 ኩንታል ሳጥን ምን ይላታል?» የማይለን ሰው የለም። ሲሚንቶ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይሄዳል፤ ሳጥን ግን ቆሞ ነው የሚሄደው። ክብደት ከመሬት ከፍ ብሎ በተቀመጠ ቁጥር መኪና ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ታጋድላለች፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ኩርባ ያልበዛበት መንገድ ፈልጉና አምጡ። ስለዚህ ከነውሃው፣ ከነብርድ ልብሱ 500 ኪሎ እንዳያልፍ ቆረጥን። ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ 60 ሊትር ስትይዙ 60 ኪሎ ጫናችሁ ማለት ነው። 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዘው ሲሊንደር የራሱ ብረት ሲደመር እጥፍ ይሆናል። ሁሉንም በደብተር ደምረን 470 አካባቢ መጣልን።

ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ወርክሾፕ ውስጥ ማስከበር ግን ሌላ ሥራ ነው። በያጃችን የአይሱዙ ካሮሴሪ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ገና ሥዕሉን ሳያዩ እጃቸው ወደ 40 በ40 ሚሊ ባለ አራት ማዕዘን የቱቦ ብረት ሄደ።

«ጋሼ፣ በ30 በ30 አይሆንም?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ የወፍ ጎጆ ነው እንዴ የምንሠራው? የወሎ መንገድ ቀጭን ብረት ይፈታዋል!»

ከጎን ካለችው ሽንኩርት ሻጭ ሚዛን ተውሰን ከሁለቱም አንዳንድ ሜትር ቆርጠን መዘንን። ባለ 2 ሚሊ ውፍረቱ 40 በ40 ወደ 2.4 ኪሎ፣ ባለ 1.5 ሚሊው 30 በ30 ደግሞ 1.3 ኪሎ ገደማ ነው። የኛ አጽም 60 ሜትር ያህል ብረት ይበላል፤ በአንዱ ከ140 ኪሎ በላይ፣ በሌላው 80 ኪሎ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሚዛኑን ዳግም አዩት። «በል ወለሉና አራቱ ቋሚ በወፍራሙ ይሁን፣ ሌላውን በቀጭኑ እሠራልሃለሁ» አሉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው በየማዕዘኑ ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራ አስገብተው በየዱት። ከብረቱ ውፍረት ይልቅ አጽሙን ያጠነከረው ይኸው ነው፤ አራት ሆነን ጥግ ጥጉን ይዘን ብናወዛውዘው ንቅንቅ አላለም።

ልባሱ ላይ ክርክር አልነበረም። ወደ 20 ካሬ ሜትር ይሸፈናል። አንድ ሚሊ የብረት ላሜራ በካሬ 7.85 ኪሎ፣ አሉሚኒየም ግን 2.7 ኪሎ ነው፤ 157 እና 54 ማለት ነው። አሉሚኒየም ዋጋው ቢያምም መቶ ኪሎ ከላይኛው ክፍል መቀነስ የትም አይገኝም። ብረት ላይ ስለማይበየድ በሪቬት ነው የሚያዘው። ብረትና አሉሚኒየም በቀጥታ ተነካክተው እርጥበት ካገኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ስለዚህ አጽሙን ሁለት ጊዜ አንቲረስት ቀብተን በመካከሉ ስስ የጎማ ጥብጣብ አስገባን።

አሁን ወደምወደው ክፍል። ሳጥኑን መኪና ላይ ከማውጣታችን በፊት የክብደቱን መሀል ፈለግን። ወፍራም ክብ ቧንቧ ወለል ላይ አጋድመን ሳጥኑን ላዩ ላይ አሳረፍነው። ውሃውና ባትሪው በሚቀመጡበት ቦታ በልካቸው የአሸዋ ከረጢት አስቀመጥን፣ መኝታው ላይም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያደረግን ሁለቱም ጫፍ ከመሬት ተነስቶ የሚቆምበትን ቦታ ስናገኝ ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም አሰመርን። ያ መስመር መኪናው ላይ ሲወጣ ከኋላ ጎማ መሀል ወደ ጋቢናው በኩል መዋል አለበት። ወደ ኋላ ካለፈ ፊቷ ይቀላል፣ መሪው ዳገት ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። ደብል ጋቢና ላይ ችግሩ የሚብሰው የኋላ ጎማው ከጭነት ክፍሉ መሀል ብዙም ስለማይርቅ ነው፤ ሳጥኑን በኋላ ክዳኑ በኩል ትንሽ ላስረዝም ያለ ሰው መስመሩን አለፈ ማለት ነው። የኛ በአንድ ስንዝር ቀደመ። የውሃው ታንክና የባትሪው ቦታ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ወለል ላይ መሆኑ፣ መኝታውም ወደ ፊት መውጣቱ ረድቶናል።

አስተሳሰሩ፦ የጭነት ክፍሉ ላሜራ ስስ ስለሆነ ይቀደዳል፤ አራቱም ማሰሪያ ከሻንሲው ጋር በቡሎን ከታሰረ ቅንፍ ላይ ነው የሚጠብቀው። ከሥሩ ወፍራም ጎማ አንጥፈናል፣ እንዳይንሸራተት። በጋቢናው ጣሪያና በሳጥኑ አፍንጫ መካከል አራት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ፤ ጋቢናውና የጭነት ክፍሉ ሻንሲው ላይ ለየብቻ ስለሚወዛወዙ ኮረኮንች ላይ ይጋጫሉ። እግሮቹ ቧንቧ በቧንቧ ውስጥ ናቸው፣ በክሪክ እያነሳን በፒን እንቆልፋለን። በግራና በቀኝ እግር መካከል ያለው ስፋት መኪናዋን ከነስፖኪዮዋ ማሳለፍ አለበት፤ ስፖኪዮው የሚታጠፍ ከሆነ ግን ብዙ መጨናነቅ አያስፈልግም። የኋላ መብራትና ታርጋ እንዳይሸፈን ማየት አይረሳ።

ባሌስትራ (ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል) ጨምሩ የሚል ምክር ይበዛል። አንድ ቅጠል ጨምረናል፣ ጭራዋ ቀና ብሏል። ግን ባሌስትራ ፍሬኑን፣ ኩሽኔታውንና ጎማውን አይለውጥም፤ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ 112 የሚል ከሆነ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፣ በሙሉ ነፋሱ።

የመጀመሪያ ፈተናችን የሐረጎ ዳገት ነበር፤ ሌላ ቦታ መሄድም አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር እንኳን በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ነው የሚወጣው። ስትወጣ ምንም አላለች፣ በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ። ቁልቁል ስንመለስ ግን ገና ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ነው፤ ፍሬን ላይ እግር ጭኖ የሚወርድ ሰው ከታች ሲደርስ የሚሸተው ሽታ ይነግረዋል። ከወረድን በኋላ ማሰሪያዎቹን ስንፈትሽ ሁለቱ ላልተው ነበር። ከሥሩ ያነጠፍነው ጎማ ሲታመቅ የሚጠበቅ ነው። አዲስ ሳጥን የጫነ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ቆሞ ያጥብቅ።

ስለ ውስጡ ባጭሩ። ቡታጋዙ ያለበት ሳጥን ከመኝታው በግድግዳ ተለይቷል፣ ወለሉም ወደ ውጭ የተበሳ ነው፤ ጋዙ ካመለጠ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ነው የሚተኛው። ከሰል ግን በምንም ዓይነት። ቡናው በከሰል ካልሆነ አይጥምም የምትሉ ውጭ አፍሉ፣ እኛም እንደዚያው ነን። «ትንሽ ፍም ለሙቀት» ብሎ ምድጃ አስገብቶ በር መዝጋት ግን ሞት ነው፤ መርዙ ሽታ የለውም፣ እንዲህ ባለች ጠባብ ክፍል ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ለብርዱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ስታይሮፎም በግድግዳው ውስጥ አለ፣ ከዚያ በላይ ጋቢ። የሁለት ሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ስለሚንጠባጠብ ሁለት ትይዩ መስኮቶች ሌሊቱን ሙሉ ጣት ያህል ተከፍተው ያድራሉ። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ይዘን አንወጣም፤ ጋዝ ይጨርሳል። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሐይቅ ከሆነ ዓሣ።

ማደሪያ ስንመርጥ ከመምሸቱ በፊት ደርሰን የአካባቢውን ሰው አስፈቅደን ነው። ሌሊት አንነዳም።

ባትሪው ገና አልተገዛም። የተለመደው ባለ 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ነው፣ ዕድሜው እንዲረዝምም ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙት። ሊቲየሙ ክብደቱ ከግማሽ በታች ነው፣ ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ባትሪው ሳጥኑ ውስጥ ከኛ ጋር ስለሚያድር ወደ ሊቲየሙ አዘንብያለሁ፤ ዋጋው ነው የያዘን። ለመብራት፣ ለስልክና ለትንሽ ማራገቢያ አንድ ባለ 100 ዋት ሶላር ይበቃናል።

ነጠላ ጋቢና ላይ እንዲህ ያለ ነገር የጫናችሁ ካላችሁ፣ የእግሩን ፒን ከምን ብረት እንደሠራችሁት ጻፉልኝ። የኛ ባለ 12 ሚሊው ቡሎን ጎንበስ ማለት ጀምሯል።