ለአውሮፕላን ነው

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ፒያሳ አንድ መነጽር ቤት ገባሁ። ዓይኔን የሚለኩት አባት «ለመንጃ ፈቃድ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፣ ለአውሮፕላን።» ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

አልሳቁም። የጻፉበትን ወረቀት ቀደው ጣሉት፤ ሌንሱን በነጭ ጨርቅ ቀስ ብለው ወለወሉና «እንግዲያው እንደ አዲስ እንጀምር» አሉኝ። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ የመጨረሻዋን መስመር ሳነብ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ስምንት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። መነጽር ማድረግ ብቻውን ከአብራሪነት እንደማያግድ አውቃለሁ፤ የሚያስፈራኝ እንደገና ከ«ሀ» መጀመሩ ነው። ግን በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆኑት አምሳለ ጓሉም መጀመሪያ የተማሩት አርክቴክቸር ነበር።

አዲሱ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ማታ እማዬን አሳያታለሁ።