ከማክላፍሊን ጋር የዋልኩበት እሁድ

ዛሬ ቤቴ ተቀምጬ የእንግሊዛዊውን ጊታሪስት የጆን ማክላፍሊንን አልበሞች ከመጀመሪያው ጀምሬ ስሰማ ዋልኩ። ልተኩስ ያወጣሁት ልብስ እንደተቆለለ ነው።

«ኤክስትራፖሌሽን» እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን ውስጥ ተቀረጸ። እዚህ ሰውዬው ገና ጃዙን አልለቀቀም። በዚያው ዓመት አሜሪካ ገብቶ ከታዋቂው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ከማይልስ ዴቪስ ጋር መሥራት ጀመረ። ማይልስ «ቢችስ ብሩ» በተባለው አልበሙ ላይ አንዱን ትራክ በስሙ ሰየመለት። ከዚህ በላይ ምን ሽልማት አለ?

ከዚያ ራሱ ያቋቋመው ባንድ፣ ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ፣ መጣ። የ1973ቱ «በርድስ ኦፍ ፋየር» በጎንግ ይከፈታል። ጊታሩ ይገባል፣ ቫዮሊኑ ይከተላል፣ ቢሊ ኮብሃም ከበሮውን ይለቅብሃል። ምቱን በእግሬ ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ፍጥነቱ አንዳንዴ ያደክማል።

ለእኔ ቁንጮው ከህንድ ሙዚቀኞች ጋር የመሠረተው ባንድ፣ ሻክቲ፣ ነው። ኤሌክትሪኩን አስቀምጦ አኩስቲክ አነሳ። ግን ተራ ጊታር አይደለም። ከዋናዎቹ ክሮች ስር፣ ሳይመቱ አብረው የሚያስተጋቡ ሌሎች ክሮች በሰያፍ ተወጥረዋል። የጊታሩ አንገትም በየፍሬቱ (በተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) መሃል ተቦርቡሯል፤ ጣቱ ክሩን ጫን ሲያደርገው ድምፁ ይታጠፋል። ዛኪር ሁሴን ታብላ (የህንድ ከበሮ)፣ ኤል ሻንካር ቫዮሊን ይጫወቱ ነበር። ቪናያክራም ደግሞ የሸክላ ማሰሮ ይመታ ነበር። አዎ፣ ማሰሮ! በ1976 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ከመድረክ የተቀዳ ስለሆነ የተመልካቹ ጭብጨባ ሁሉ ይሰማል።

በ2023 ያወጡት «ዚስ ሞመንት» ግራሚ ወስዷል፤ ማክላፍሊን ያኔ ሰማንያን አልፏል። ለጀማሪ ግን የ1976ቱን ነው የምመክረው። በደህና ኢርፎን ስሙት፣ በስልክ ስፒከር እንዳትሰሙት አደራ!