ከብሩ በፊት ቀኑን ቁጠሩ

በባሕር ዳር ከዓባይ ማዶ እስከ ሺምብጥ ኳስ የሚያንከባልል ታዳጊ ሁሉ ልቡ የከተማዋ ክለብ የባሕር ዳር ከተማ፣ የጣና ሞገዶቹ ማልያ ላይ ነው። የክለብ ጥሪ ሲመጣ ታዲያ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይከፍላሉ?» ብሎ ነው። ልጁን የሚያስረው ግን ብሩ ሳይሆን ዓመቱ ነው።

በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከ3 ዓመት የበለጠ ውል አይፈርምም፤ ከዚያ በላይ ለሆነው የውሉ ጣሪያ 5 ዓመት ነው። በ17 ዓመቱ በተስፋ ቡድን ደመወዝ ለ3 ዓመት የፈረመ ልጅ፣ በ19 ዓመቱ ዋናው ቡድን ውስጥ ቋሚ ተሰላፊ ቢሆንም የሚበላው ያንኑ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ወይ 2 ዓመት ይፈርም፤ ወይ ወደ ዋናው ቡድን ሲያድግ የሚከፈለው መጠን ከወዲሁ በቁጥር ይጻፍለት። «ክለቡ ከፈለገ አንድ ዓመት ያራዝማል» የምትለዋን አንቀጽ ደግሞ አሰርዙ። ልጁ ካልፈለገስ?

ብዙ ጣጣ የሚያመጣው የልደት ቀን ነው። ኅዳር 5 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው ኖቬምበር 15 ቀን 2007 ነው፤ ጥር 15 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደው ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2008። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። በደፈናው 8 የደመረ ጸሐፊ የኅዳሩን ልጅ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። የልደት ምስክር ወረቀቱ አንድ፣ ፓስፖርቱ ሌላ ሲል ደግሞ ስህተት ነው ብሎ የሚያምን የለም፤ ዕድሜ ቀንሷል ይባላል። በውሉ ላይም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ደመወዝ ላይ «የተጣራ» ወይም «ያልተጣራ» የሚል ቃል ይኑር። የሥራ ግብሩ ጣሪያ 35 በመቶ ነው፤ የጡረታው 7 በመቶም አለ። በቃል የሰማችሁት ቁጥርና ባንክ የሚገባው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የሕክምና ምርመራው ከፊርማው በፊት ይለቅ። በፊፋ ደንብ የውል ጽናት በምርመራ ውጤት ላይ ሊንጠለጠል አይችልም፤ «ጉልበቱ ደህና ከሆነ ይጸናል» ተብሎ አይፈረምም።

ከ18 ዓመት በታች ያለውን ልጅ «ውጭ አስፈርመዋለሁ» ብሎ የጉዞ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ ሻይ አጠጥታችሁ ሸኙት። ደንቡ በዚያ ዕድሜ ወደ ሌላ አገር መዛወርን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ይከለክላል።

ደመወዝ ቢቀርስ? የፊፋ መርህ 2 ወር ሳይከፈል ሲያልፍ፣ ውሉን ከማፍረስ በፊት ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ ቢያንስ 15 ቀን መጠበቅ ነው። ልምምድ አቁሞ ቤት መቀመጥ ጥፋቱን ወደ ልጁ ያዞረዋል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተምና የገባበትን ቀን አስመቱ።