አባትና ልጅን በአጭር ልብወለድ መጻፍ፦ ከልምምዴ የደረስኩበት

የአጭር ልብወለድ ልምምዴን በአንድ ጉዳይ ላይ ተክዬ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ጉዳዩም የአባትና የወንድ ልጁ ነገር ነው። ረቂቄ መልክ እየያዘ ስለመጣ፣ ካነበብኳቸው ታሪኮች ምን እንደወሰድኩና በራሴ ጽሑፍ ላይ እንዴት እየሞከርኩት እንዳለሁ ላካፍላችሁ። የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር፦ በአጭር ልብወለድ ውስጥ አባትና ልጅ እጅግ የሚቀራረቡት አንደኛው የያዘውን ሌላኛው ሳያውቅ አብረው ሲቆዩ ነው። ረጅም ልብወለድ ዓመታት እየቆጠረ ጠቡንም ዕርቁንም ሊያደርስ ይችላል፤ አጭሩ ግን ያለው አንድ ቀን ወይም አንድ ሌሊት ስለሆነ፣ ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው ይህ በሁለቱ መካከል ያለ ክፍተት ነው።

ይህን በግልጽ ያየሁት እ.ኤ.አ. በ1933 በታተመው የኧርነስት ሄሚንግዌይ «የአንድ ቀን ጥበቃ» ውስጥ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በኢንፍሉዌንዛ ታሞ ተኝቷል። ሐኪሙ ሙቀቱን ለክቶ 102 መሆኑን ይናገራል፤ አባት ቁጥሩንና መድኃኒቱ የሚሰጥበትን ሰዓት ይጽፋል፣ መጽሐፍ ያነብለታል፣ ከዚያም ጠመንጃውን ይዞ ውሻውን አስከትሎ ለአደን ይወጣል። ልጁ ግን ዓይኑን ከአልጋው ግርጌ ላይ ተክሎ ዝም ብሏል። ፈረንሳይ አገር ይማር በነበረበት ጊዜ ሰው በ44 ዲግሪ እንደማይተርፍ ነግረውት ነበርና፣ 102 ሲባል የሰማው የሞት ፍርድ ነው። አባት 102 ተራ ትኩሳት በሆነበት በፋራናይት፣ ልጅ በሴልሺየስ ሲቆጥሩ ይውላሉ። ምስጢሩ ሲገለጥ አባት ማይልንና ኪሎ ሜትርን ምሳሌ አድርጎ ያስረዳዋል፤ እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ልጁ ሊሞት እንደሆነ እያመነ፣ አባቱ አጠገቡ መቀመጥ ከከበደው መሄድ እንደሚችል ይነግረዋል። አባት ይህን ሲሰማ ትኩሳቱ ያናገረው ይመስለዋል። ታሪኩን ዳግመኛ ያነበበ ሰው፣ መጀመሪያ ላይ ተራ የመሰለው ንግግር ሁሉ የስንብት ንግግር እንደነበረ ያያል፤ ሄሚንግዌይ ይህን ለማድረግ አንድም ቃል መለወጥ አላስፈለገውም።

በሁለተኛ ደረጃ የምጠቅሰው የሜክሲኮው ሁዋን ሩልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው የአጫጭር ታሪኮች መድበል ውስጥ ያለውን፣ ስለ ውሾች ጩኸት የሚናገረውን ታሪክ ነው። አንድ ሽማግሌ የቆሰለ ጎልማሳ ልጁን ተሸክሞ፣ በጨረቃ ብርሃን፣ ሐኪም ወዳለበት ቶናያ ወደተባለ መንደር ይጓዛል። ልጁ መውረድ ቢፈልግም አባት ብቻውን መልሶ ሊሸከመው ስለማይችል አያወርደውም። ልጁ ቀማኛ ሆኗል፣ ሰው ገድሏል፤ ክርስትና ያነሣው ሰው እንኳ አልቀረለትም። አባት እየተሸከመው ይወቅሰዋል፣ ይህን የሚያደርገውም ለሟች እናቱ ሲል እንጂ ለእርሱ ብሎ እንዳልሆነ ይነግረዋል። መንደሩ መቅረቡን የሚያስታውቀው የውሾች ጩኸት ነው፤ ነገር ግን ልጁ እንዳይወድቅ የአባቱን አንገት ይዞ የጠለፋቸው እጆቹ ጆሮውን ስለደፈኑት አባት ምንም አይሰማም። ደርሰው የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ሲያላቅቅ ብቻ፣ ውሾቹ በየአቅጣጫው ሲጮኹ እንደነበር ያውቃል። ሁለቱን የሚያስተሳስረው መያዣ ራሱ ሁለቱን የሚለያይ መድፈኛ ሆኗል። ከዚህ የተሻለ የአባትና የልጅ ሥዕል በጥቂት ገጾች ውስጥ የተሣለ አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር ለመቅዳት የሚያስፈራ ነው።

የአንቶን ቼኾቭ «ቤት» (እ.ኤ.አ. 1887) ደግሞ ለየት ያለ ትምህርት ሰጥቶኛል። አባት ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጁ ሰርዮዣ ከጠረጴዛው ትምባሆ ወስዶ ማጨሱን ሞግዚቷ ታመለክታለች። አባት ስለ ሰው ንብረት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ወግ ሊያስረዳ ይሞክራል፤ ልጁ ግን ሥዕል እየሣለ ነው። ወታደሩን ከቤቱ አስረዝሞ ስለሣለው አባት ሊያርመው ቢል፣ ትንሽ ካደረግሁት ዓይኑ አይታይም የሚል መልስ ያገኛል። ይህን ቦታ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የሚለኩበት መስፈሪያ ግን አንድ አይደለም። በመጨረሻ አባት በማጨስ ታምሞ በሃያ ዓመቱ ስለሞተ የንጉሥ ልጅና ብቻውን ስለቀረው ሽማግሌ ንጉሥ ከአፉ እየፈጠረ ተረት ይነግረዋል። ተረቱ እንዳይሆን እንዳይሆን አድርጎ ቢያልቅበትም፣ ልጁ ሁለተኛ አላጨስም ይላል። ብዙዎች ይህን ጥበብ ከክርክር እንደሚበልጥ ማሳያ አድርገው ያነቡታል፤ እኔ ግን ልጁን የነካው የትምባሆው ጉዳት ሳይሆን የሽማግሌው ብቻውን መቅረት ይመስለኛል። አባት ሳያስበው ፍርሃቱን ገልጧል፤ ልጁም ያንን ሰምቷል።

የፕሮስፔር ሜሪሜ «ማቴዎ ፋልኮኔ» (እ.ኤ.አ. 1829) ከዚህ ሁሉ ይወጣል። ኮርሲካዊው አባት፣ ለብር ሰዓት ሲል ሸሽቶ የተሸሸገ ሰው አሳልፎ የሰጠውን የአሥር ዓመት ልጁን በጥይት ይገድለዋል። እዚያ ሁለቱም ሁሉን ያውቃሉ፣ የተደበቀ ነገር የለም። ታሪኩ ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን የምናየው የወግን ጭካኔ ነው እንጂ አባቱን ከልጁ ጋር አይደለም።

ወደ ራሴ ረቂቅ ልመለስ። ሄሚንግዌይ ሁለት የሙቀት መለኪያ ካለው፣ እኛ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር አለን። ባለታሪኬ ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት ደወል ሲደውል የኖረና አንድም ቀን ባለማርፈዱ የሚኮራ ጡረተኛ ዘበኛ ነው። ዋሽንግተን የሚኖረው ልጁ እናቱን ለመቅበር ባለመምጣቱ ተቀያይመዋል፤ የሚነጋገሩትም ዱባይ በሰው ቤት በምትሠራው እህቱ በኩል ብቻ ነው። እርሷ የቲኬቱን ፎቶ በቴሌግራም ትልካለች፤ አባት 7:00 የሚለውን አይቶ በማስታወሻው ላይ «7 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎም ማንም ሳይነግረው «ከቀኑ» የሚል ይጨምርበታል፤ እንግዳ በሌሊት ይመጣል ብሎ አያስብማ። አውሮፕላኑ ግን የሚያርፈው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከሄሚንግዌይ መለየት ግድ ሆነብኝ። የእርሱ አንባቢ ልጁ ለምን እንደቆዘመ እስከ መጨረሻው አያውቅም፤ የእኔ አንባቢ ግን ያንን ቁጥር እንዳየ ነገሩን ወዲያው ይነቃበታል። ስለዚህ ድንገተኛ ግኝት አድርጌ ልጠቀምበት አልችልም፤ ያለኝ አማራጭ አንባቢውን ሥጋት ላይ ማቆየት ነው። ልጁ ቦሌ መውጫው ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አምስት ሰዓት ያህል ይጠብቃል፤ ኩራቱ ስልክ አያስደውለውም፣ የአባቱን መቅረትም ቅጣት ነው ብሎ ተርጉሞታል። አባት ደግሞ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይደርስና፣ ልጁን ተቀምጦ ሲያገኘው «ቀደምከኝ እኮ!» ይለዋል።

ልጁ ነገሩ የሚገባው ታክሲ ውስጥ፣ አባት ማስታወሻውን ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳየው ነው። የአገሩን ሰዓት የሚያውቅ ልጅ ስለሆነ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ታዲያ ምንም አይልም። ክፍተቱ በሄሚንግዌይ ታሪክ ተዘግቶ ልጁን ሲያሳርፈው፣ በእኔው ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት፤ ምክንያቱም አባት በሕይወቱ አንድ ቀን፣ ያውም በዚያ ቀን፣ ማርፈዱን እንዳያውቅ የሚጠብቀው የልጁ ዝምታ ነው። ይህን ዝምታ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረድቼ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩን አውጥቼ በምትኩ ልጁ «አሁን ነው የወጣሁት» እንዲል አድርጌዋለሁ።

የቀረኝ የእህቲቱ ጉዳይ ነው። አሠሪዎቿ ስልኳን የሚመልሱላት ማታ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከታሪኩ ውጪ ማቆየት ችያለሁ፤ ማታ ግን መደወሏ አይቀርም፣ የመጀመሪያ ጥያቄዋም ስንት ሰዓት ተገናኛችሁ የሚል ነው የሚሆነው። ትዕይንቱን ቆርጬ ታሪኩን ታክሲው ውስጥ እንዳልጨርሰው፣ ልጁ አባቱ እየሰማ ለሌላ ሰው የሚዋሽበት ብቸኛ ዕድል ይህ ነው። ሁለት ዓይነት መልስ ጽፌለታለሁ፤ አጭሩ ይሻላል መሰለኝ፣ ረቂቁን ስልክላችሁ ሁለቱንም ታዩታላችሁ።